ከአምስቱ አንዱን

ሰኞ ዕለት ፍኖተ ሰላም ላይ እንደ ሌላው ቀን ዋልሁ። ጠዋት መብራት አልነበረም። እስከ አራት ሰዓት ድረስ የጠፋው ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብዬ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ስለ ጤፍ አጨዳ አወራን። መብራቱ ሲመጣ ከየጤና ጣቢያው የተላከውን የሳንባ ነቀርሳ ታካሚዎች ቅጽ አንድ በአንድ ማስገባት ጀመርሁ። ምሳዬን ሽሮ በላሁ። ከሰዓት አለቃዬ አቶ ዋሴ ወደ አንድ ለአምስት ስብሰባ ሲያልፉ አንገታቸውን በበሩ አስገቡ።

“አበጀ፣ ከዞን ተደውሎ ነበር። ሪፖርታችሁ አንደኛ ነው አሉ።”

“ምኑን ወደዱት?”

“ቁጥሩ ይገጥማላ! ድሮ መቶ ሰው ታክሞ ድምሩ ሰማንያ ሦስት ይመጣ ነበር። ያንተ ሳጥን ገላገለን።”

ደስ አለኝ። በዚያ ነገር ለመጨረሻ ጊዜ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቱ ስላልመጣልኝ ቡሬ ላይ ስድስት ወር ኮምፒውተር ተማርሁና ፍኖተ ሰላም ጤና ጽሕፈት ቤት መረጃ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርሁ። ቤታችን ከሽንዲ ወጣ ብሎ ገጠር ነው። በአራት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ይበልጣል ሰባተኛ ክፍል ላይ ደብተሩን አስቀምጦ ከአባታችን ጋር ማረስ ጀመረ። “ሁለታችንም ከተማርን በሬው ማንን ይሰማል?” ይል ነበር እየሳቀ። ለጥር ሰርጉ ተቆርጦ ነበር።

አቶ ዋሴ “ሳጥን” ያሉትን መንገር አለብኝ፤ ነገሩ ያለው እሱ ላይ ነው። ሥራ ስጀምር በመዝገቡ ውስጥ “የሕክምናው ውጤት” የሚል ዓምድ ነበር። ነርሶቹ ያሻቸውን ይጽፉበታል። “ድኗል”፣ “ደህና ነው”፣ “ጸበል ገባ”፣ “ቆላ ወርዷል”፣ “ባሏ ከለከላት”። ይህን መደመር አይቻልም። ከዞን የሚፈልጉት አምስት ቁጥር ነው። ስለዚህ ዓምዱ ከአምስት ቃላት ሌላ እንዳይቀበል አድርጌ ዘጋሁት። ዳነ፣ ሕክምናውን ጨረሰ፣ ሞተ፣ አቋረጠ፣ ወደ ሌላ ጤና ተቋም ተላከ። የወረቀቱንም ቅጽ በአምስት ሳጥን አሳተምነው። “ሌላ” የሚል ስድስተኛ ልጨምር አስቤ ነበር። ሰነፍ ሁሉ እዚያ ላይ ይከምረዋል ብዬ ተውሁት።

መስከረም መጨረሻ ላይ ሲስተር ዘውዴ የሚባሉ ነርስ ከወደ ሽንዲ ቅጽ ይዘው መጡ። በዕድሜ እናቴን ይሆናሉ። አንዱን ቅጽ ነጥለው ዘረጉልኝ። ከአምስቱ ሳጥኖች በአንዱም ላይ ምልክት የለበትም። ዳር ላይ በእስክሪብቶ “ጸበል ነው። መድኃኒቱን በየቅዳሜው በዲያቆኑ እልካለሁ” ይላል።

“ልጄ፣ ይኼን የት ልጻፈው?” አሉኝ።

“ሲስተር፣ ዳር ላይ ያለውን ኮምፒውተሩ አያይም።”

“አንተ ታየው የለ?”

“እኔ ባየው ምን ይጠቅማል፣ እሱ ካልተቀበለኝ?”

“እስቲ ሞክረው።”

ዓምዱ ላይ “ጸበል” ብዬ ጻፍሁ። ትንሽ መስኮት ብቅ አለ፦ “እባክዎ ከተፈቀዱት አምስት ቃላት አንዱን ይምረጡ።”

ሲስተር መነጽራቸውን አውልቀው ተጠጉ። “ማነው እንዲህ የሚለኝ?”

“ኮምፒውተሩ ነው።”

“ኮምፒውተሩ አማርኛ ከየት ተማረ?”

ሳቅሁ። የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። “‘አቋረጠ’ እንበለው?” አልሁ።

“አላቋረጠማ! ቅዳሜ ቅዳሜ እየዋጠ? ‘አቋረጠ’ ካልኸው ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤቱ ድረስ ሄዳ ታፈላልገዋለች። ልጁ በሽታውን ከሰው ደብቆ ነው የያዘው።”

“እንግዲያው ‘ተላከ’ ይባል።”

“ማን ላከው? የትስ ተላከ?”

“ጸበሉስ ጤና ተቋም አይደል?” አልሁና በራሴ ቀልድ ሳቅሁ። ሲስተር አልሳቁም። ደክሞኝ ነበር፤ ገና ስድሳ ቅጽ ይቀረኛል።

“ቁጥሩ ስንት ነው?” አልኋቸው። ወደ ኮምፒውተሩ ስም አይገባም፣ ለምሥጢር ሲባል ቁጥር ብቻ ነው።

“መቶ አርባ አራት። ሄሮድስ እንዳስፈጃቸው ሕፃናት ብለህ ያዘው። እሱም ገና ልጅ ነው።”

“ተላከ” ብዬ አስገባሁ። ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ ዳር ላይ “ጸበል” የሚሉትን ሌሎች ቅጾችም እንዲሁ አስገባኋቸው።

ከሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። “ልጄ፣ መጋዘኑ የመቶ አርባ አራትን የመድኃኒት ካርቶን መልሽ አለኝ። ወረቀቱ ‘ተላከ’ ስለሚል የተላከበት ቦታ ይሰጠዋል ይላል። እባክህ አስተካክለው።” ሪፖርቱ ወጥቷል፣ ከወጣ በኋላ የሚነካው በአለቃ ፈቃድ ነው። “በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እናየዋለን ሲስተር” አልሁ። ከዚያ ረሳሁት።

ወደ ሰኞው ልመለስ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቢሮ ስወጣ የአጎቴ ልጅ ደሳለኝ ደወለ። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ነፋሱ ድምፁን ይወስደዋል።

“አበጀ፣ ነገ ና።”

“ምን ሆናችሁ? አባባ ነው?”

“አባባ ደህና ነው። ይበልጣልን ትንሽ አሞታል።”

“የት ነው ያለው?”

“ጸበል።”

“መቼ ሄደ?”

“ከቡሄ ወዲህ ነው።”

“ሦስት ወር ሙሉ? ለእኔ ሳትነግሩኝ?”

“እሱ ነው አትንገሩት ያለ። ሥራው ላይ ይጨነቃል፣ የሙሽራዋም ቤተሰብ ይሰማል አለ። እኔን አትቆጣኝ፣ ዝም ብለህ ና።”

ማክሰኞ በመጀመሪያው መኪና ቡሬ ደረስሁ። የሽንዲው ሚኒባስ አልሞላም። ረዳቱ “ሽንዲ! አንድ ሰው! አንድ ሰው!” እያለ ይጮሃል። ውስጡ ያለነው አምስት ነን።

“አንድ ሰው የምትለው ማንን ነው?” አለው አንድ ሽማግሌ።

“አባቴ፣ አንድ አንድ እየተባለ ነው የሚሞላው።”

ሰዉ ሳቀ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ከሰዓት በላይ ቆመን ተነሣን። መንገዱ ላይ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የሲስተር ዘውዴ ድምፅ ይመጣብኝ ጀመር። ስንት ወጣት ጸበል ይሄዳል፣ ስንቱስ ሰርግ አለው፣ እያልሁ ራሴን አሳመንሁ። አላመንሁም።

ደሳለኝ ሽንዲ ላይ ጠበቀኝ። ወደ ወንዙ ሸለቆ ስንወርድ ብዙ አልተነጋገርንም። አንድ ጊዜ ብቻ “ስታየው አትደንግጥ” አለኝ።

ጸበሉ ከገደል ሥር ነው። ዙሪያውን በባሕር ዛፍ እንጨትና በላስቲክ የተሠሩ ትንንሽ መጠለያዎች አሉ። ይበልጣል በአንዱ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ትከሻው የነበረበት ቦታ ላይ ነጠላ ብቻ ያለ መሰለኝ።

“መጣህ?” አለ። “ማን ነገረህ?”

“ደሳለኝ።”

“ይኼ ወሬኛ። ለሰርጉ እንጂ ለዚህ ጥራው አላልሁትም።” ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። እስኪያበቃለት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

“ምን እንዲህ አከሳህ?”

“ጾሙ ነዋ።”

“ሐኪም አላየህም?”

“አየሁ እንጂ። ሲስተር ዘውዴ የሚሏት አለች፣ እሷ ጋ ነው የጀመርሁት። እዚህም መጥቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ትልክልኝ ነበር። አጥማቂው አባም ፈቅደው በጸበሉ ነበር የምውጠው። እየተሻለኝ ነበር፣ ሙት። ኋላ ቀረ።”

“ለምን ቀረ?”

“እኔንጃ። ወረቀቱ ሌላ ቦታ ተልኳል ይላል አሉ።” እጁን ወደ መጠለያው ዘረጋ። “እኔ የትም አልሄድሁ። ይኸው፣ እዚሁ ነኝ።”

ከራስጌው የታጠፈ ካርድ ነበር። ብድግ አድርጌ ቁጥሩን አየሁ። ባላየውም አውቀዋለሁ።

አጥማቂው አባ ከኋላዬ ቆመው ነበር። ረጅም፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ መነኩሴ ናቸው። ወጣ ብለን ጠየቅኋቸው። “አባታችን፣ መድኃኒቱ ሲቀር ለምን ሰው አልላኩም?”

“ልጄ፣ በመጀመሪያ እኔም ከለከልሁ። ያቺ ነርስ በእግሯ መጥታ ደጁ ላይ ቆማ፣ ‘አባ፣ ጸበሉን የሰጠ ቅጠሉንም ሰጥቷል’ አለችኝ። እውነት ነው ብዬ ፈቀድሁ። ኋላ የቅዳሜው ቦርሳ ሲቀር፣ ልጁ ወደ ላይ መልእክት ላከ። ‘ተልኳል፣ እኛን አይመለከትም’ የሚል ቃል ከመጋዘኑ መጣ። እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ናችሁ። አውቀው ነው ብለን ዝም አልን።”

ደሳለኝ ከማሳ ስድስት ጎረምሶች ጠርቶ ቃሬዛ አዘጋጀ። ወደ ሽንዲ አውጥተን በመኪና ወደ ሆስፒታል ልንወስደው ነው። አባ በመስቀል ዳሰሱትና ተነሣን። ዳገቱ ላይ ሸካሚዎቹ ትከሻ ለመለዋወጥ ሲቆሙ እኔ ከራስጌው እሆናለሁ። በሦስተኛው ማረፊያ ላይ ነገርሁት። እንዴት እንደጀመርሁ አላስታውስም።

“ይበልጣል፣ ‘ተላከ’ ብዬ የጻፍሁት እኔ ነኝ።”

ዓይኑን ገለጠ። “አንተ?”

“ቁጥር ነው የማየው። አንተ መሆንህን አላወቅሁም።”

ከቃሬዛው በታች የጎረምሶቹን ትንፋሽ እሰማለሁ።

“በቁጥር እንዴት ታውቀኛለህ?” አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ “ሌሎቹስ?”

“የትኞቹ?”

“ቅዳሜ ቅዳሜ አብረውኝ የሚውጡት። ሦስት ናቸው። እነሱም ተልካችኋል ነው የተባሉት። አሮጊቷ ካጠገቤ ነበሩ፣ አላየሃቸውም?”

አላየኋቸውም። ከእሱ ሌላ ሰው አላየሁም ነበር። “አያቸዋለሁ” አልሁት። “መጀመሪያ አንተን እናድርስ።”

“እኔማ እየደረስሁ ነው” አለ። ቀልድ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ሽንዲ ከሩቅ ቆርቆሮው ሲታይ፣ ከአንድ ዋርካ ሥር አሳረፉት። ውኃ ጠየቀ። ሳልሰጠው ሳሉ መጣ፣ ከሳሉም ጋር ደም መጣ፣ ብዙ ደም። ቀና አድርጌ ያዝሁት። “አይዞህ፣ አይዞህ” እላለሁ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ከዚያ ከበደኝ። ደሳለኝ ነጠላውን ከእጄ ወስዶ ሸፈነው። ጎረምሶቹ አንዳቸውም አልጮሁም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ትንሽ ቆይተው ቃሬዛውን አንሥተው ወደ ቤታችን አቅጣጫ ዞሩ።

ረቡዕ ቀን ቀበርነው። እናቴ የሰርጉን ነጠላ አውጥታ በእጇ ይዛ ነበር፣ ማንም ሊቀበላት አልደፈረም። እኔ ማልቀስ አልቻልሁም። ሰው “ልጁ ደርቋል” ሲል እሰማለሁ። ራሴ ውስጥ የሚመላለሰው አንድ ነገር ብቻ ነው። “ሌሎቹስ?” ይለኛል። ከጸበሉ ደጅ ያሉት ሦስት ናቸው። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ግን “ተላከ” የተባሉት ሦስት ብቻ አልነበሩም። ዓምዱን ከዘጋሁ ጀምሮ “ተላከ” በዝቷል። እኔም አይቼዋለሁ። “አቋረጠ” ሲበዛ ጤና ጣቢያው ይወቀሳል፣ “ተላከ” ሲበዛ ማንም አይወቀስም። ለዚህ ነበር የበዛው፣ ቁጥሩ ስለገጠመ ዝም አልሁ።

ማታ ላይ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል አባቴ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥሁ።

“አባባ፣ ነገ ሲነጋ ወደ ሥራ እሄዳለሁ።”

ቀና ብሎ አየኝ። “ሣልስቱ ሳይወጣ? የአንድ ሆድ ወንድምህ ነው። ሰው ምን ይላል?”

“እንደሱ መድኃኒት የቀረባቸው ሰዎች አሉ። እስካሁን በሕይወት አሉ።”

“ያስቀረባቸው ማነው?”

“እኔ ነኝ።”

“የሱንም?”

“የሱንም።”

አባቴ በትሩን መሬት ላይ ወዲያና ወዲህ አደረገ። የሚመታኝ መሰለኝ፣ ቢመታኝ በወደድሁ። “ሂድ” አለኝ። “ለሰው እኔ እመልሳለሁ።”

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ከእናንተ መካከል እንደ እኔ መዝገብ የምትይዙ ትኖራላችሁ። ዝርዝር ማበጀት ክፉ ነው አልላችሁም። ቁጥሩ ካልተደመረ ለሚቀጥለው ዓመት ስንት ካርቶን መድኃኒት እንደሚያስፈልግ አይታወቅም፣ ይህን አሁንም አምናለሁ። ዛሬም ዝርዝር እሠራለሁ፣ ግን ከጎኑ ሰው በራሱ ቃል የሚጽፍበት ሌላ ዓምድ አስቀምጣለሁ። ያጠፋሁት አምስት ቃል ማስቀመጤ ላይ ብቻ አይደለም። አንዲት ሴት ከሽንዲ ድረስ መጥተው “ከአምስቱ አንዱም አይደለም” ሲሉኝ፣ ደክሞኝ ስለነበር፣ የማይሆነውን ቃል ራሴ መርጬ ሰጠኋቸው። ኮምፒውተሩ “ጸበል” የሚለውን እውነት መልሶብኝ “ተላከ” የሚለውን ውሸት ሲቀበለኝ ልጠረጥር ይገባኝ ነበር። እሱ ቃሉ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን እንጂ እውነት መሆኑን አያውቅም። ያን ማወቅ የእኔ ፈንታ ነበር። ድካሜን ምክንያት ማድረግ አልፈልግም፤ ግን ስለ ድካም ማንም አላስጠነቀቀኝም ነበር፣ እኔ አስጠነቅቃችኋለሁ። ስድሳ ቅጽ ሲቀራችሁ ነው ሰው የምትገድሉት።

ሐሙስ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ከሽንዲ ወጥቼ አራት ሰዓት ሲሆን ቢሮ ገባሁ። መብራት ነበር። መዝገቡን ከፍቼ “ተላከ” የሚለውን ሁሉ ለይ አልሁት። ከዚያ ውስጥ የተላኩበት ቦታ ስም የሌላቸውን ለየሁ። ሃያ ሦስት ቁጥር ወጣ። ወረቀት ላይ ገለበጥኋቸው።

አቶ ዋሴ ገቡ። “እግዚአብሔር ያጽናህ፣ አበጀ። ምን ልትሠራ መጣህ? ሐዘን ላይ አይደለህም?”

አሳየኋቸው። ያለፈውን ሁሉ ባጭሩ ነገርኋቸው። ቁጭ አሉ።

“ይኼ ከተነካ ሪፖርቱ ይፈርሳል።”

“ይፍረስ።”

እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። ሁለታችንም ደነገጥን።

“ዞን ቢደውሉ ምን ልበላቸው?”

“አበጀ ነው ይበሏቸው። መጋዘኑ ካርቶኖቹን እንዲሰጠኝ ግን የእርስዎ ፊርማ ያስፈልገኛል።”

ዓምዱን የዘጋሁበትን ቦታ ከፈትሁ። “ከዝርዝሩ ውጪ አይቀበል” የሚለውን “ይቀበል” ማድረግ አንድ ጠቅታ ነው። መስከረም ላይም አንድ ጠቅታ ነበር። ከዚያ ሲስተር ዘውዴ ጋ ደወልሁ። ሰምተው ነበር፣ ድምፄን ሲሰሙ አለቀሱ። እስኪያበቁ ጠበቅሁ።

“ሲስተር፣ ቁጥር እጠራለሁ፤ የሚያውቁትን ይንገሩኝ፣ እንዳሉኝ እጽፋለሁ።”

“እሺ ልጄ።”

“መቶ ዘጠኝ።”

“ቆላ ወርዷል፣ ሰሊጥ አጨዳ። ሚስቱ ስልክ አላት።”

“መቶ ሃያ ሁለት።”

“ወልዳ እናቷ ቤት ናት፣ ቡሬ። መድኃኒቱን ትፈልጋለች፣ ካርቶኗን ነው የነጠቋት።”

“መቶ አርባ አራት” የሚለው ጋ ስደርስ ሁለታችንም ቆምን። “እለፈው ልጄ” አሉኝ። አለፍሁት። የማያውቋቸው ስምንት ነበሩ፣ ለእነሱ የየጤና ጣቢያውን ነርስ ስልክ ሰጡኝ። የጸበሉ ደጅ ሦስቱ መጨረሻ ላይ ወጡ። ለአሮጊቷ፣ “ጸበል ናቸው። መድኃኒት ከቀረባቸው ከወር በላይ ሆኗል። ዛሬ ይድረሳቸው” ብዬ ጻፍሁ። ኮምፒውተሩ ተቀበለ።

ቀና ስል አቶ ዋሴ አጠገቤ ቆመዋል። የተፈረመበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ማኅተሙ ገና እርጥብ ነው። “የመሥሪያ ቤቱ መኪና ስብሰባ ወጥቷል” አሉ እንደማፈር ብለው።

“ግድ የለም፣ በሚኒባስ እሄዳለሁ።”

ከመጋዘን ለጸበሉ ደጅ ሰዎች ሦስት ካርቶን ተቀበልሁ። የቀሩትን ሲስተር በየቦታው ሊያደርሱ ተስማማን። ቢሮውን ዘግቼ ቁልፉን ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጠሁ። በባጃጅ መናኸሪያ ደርሼ፣ ካርቶኖቹን ጉልበቴ ላይ ይዤ በቡሬው መኪና ውስጥ ተቀመጥሁ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን።